ከመተንፈሻ መሣሪያ የተላቀቀ ሕመምተኛ የሌሊት እንቅልፍ

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለሰነበተ ሰው ቤተ ሰቦች፣ የመተንፈሻው ቧንቧ ከጉሮሮው የወጣበት ቀን እንደ በዓል ነው። ስልክ ይደወላል፤ ዘመድ ለዘመድ ያበሥራል፤ ስእለት የተሳለም ስእለቱን ያስባል። ሕመምተኛው በሰለለ ድምፅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል የሰማ ሁሉ እንባው ይመጣል። ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ የሚመጡት ሁለትና ሦስት ሌሊቶች ምን ዐይነት እንደ ሆኑ ለቤተ ሰቡ የሚነግር ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ቀን ያለ መሣሪያ በደኅና ሲተነፍስ የዋለ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ሲወስደው ትንፋሹ ሊያጥር፣ ሊቋረጥ፣ አንዳንድ ጊዜም እንደ ገና ወደ መሣሪያው እስኪመለስ ድረስ ሊደክም ይችላል። በዚህ ወር በዓምዳችን የምንነጋገረው ስለዚህ ነገር ነው፤ ይህን አደጋ አስቀድሞ የሚያመለክተው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሐኪሙ መዝገብ ሳይሆን በየቤታችን፣ በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ነውና።

መሣሪያው ከየት እንደ መጣ ጥቂት ማወቅ ነገሩን ለመረዳት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1952 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ብርቱ የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ብሌግዳም በሚባለው ሆስፒታል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት፣ በጊዜው በነበረው የመተንፈሻ መሣሪያ ከተረዱት 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። ሐኪሞቹ በሕሙማኑ ደም ውስጥ ያዩትን ለውጥ ከፖሊዮው ጋር የመጣ ሌላ እንግዳ ሕመም አድርገው ይገምቱት ነበር። ብዮርን ኢብሰን የተባለው የማደንዘዣ ሐኪም ግን ሕሙማኑ የሚሞቱት የተቃጠለውን አየር፣ ማለት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን፣ ከሳንባቸው አውጥተው መጣል ስላቃታቸው መሆኑን አስተዋለ። በነሐሴ ወር ማለቂያ ላይ ለአንዲት የ12 ዓመት ልጃገረድ ጉሮሮዋ ተበሥቶ ቧንቧ ገባላትና በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር ተሰጣት፤ ልጅቱም ዳነች። ከዚያ በኋላ 1,500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች በየተራ እየገቡ፣ ሌሊቱንና ቀኑን በሕሙማኑ ራስጌ ተቀምጠው ከረጢቱን በእጃቸው ሲጨምቁ ከረሙ። ዛሬ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው አሠራር መነሻው ከዚህ ነው። በአገራችንም የኮቪድ 19 ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ፣ ስለ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልና ስለ መተንፈሻ መሣሪያ ያልሰማ ቤተ ሰብ የለም ማለት ይቻላል። ኢብሰን ያስተዋለውን ነገር ግን አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ሐኪሞች ቧንቧውን የሚያወጡት በግምት አይደለም። ሕመምተኛው ነቅቶ የሚነገረውን መስማቱን፣ አክታውንም በራሱ ሳል አውጥቶ መጣል መቻሉን ይመለከታሉ። ከዚያም የመሣሪያውን እርዳታ እጅግ ዝቅ አድርገው፣ ወይም ጨርሰው አስቀርተው፣ ከ30 ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት በራሱ ኀይል ሲተነፍስ ይፈትኑታል። ፈተናውን ካለፈ ቧንቧው ይወጣል። ሆኖም ካለፉት መካከል እንኳ ከመቶው ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ ገና ቧንቧ ሊገባላቸው ግድ ይሆናል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የልብ ድካም፣ የአክታ ብዛት፣ የሳንባ ምች፣ የጉሮሮ እብጠት ሁሉ ይገኙበታል። ሁሉን በእንቅልፍ እናመካኝ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ፈተናው የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በቀን፣ ሕመምተኛው ዐይኑን ገልጦ፣ ሐኪምና ነርስ በአጠገቡ ቆመው መሆኑን ልብ ይሏል። የተኛ ሰው አተነፋፈስ ከነቃ ሰው አተነፋፈስ የተለየ ነው።

ሰው ነቅቶ ሳለ ትንፋሹን የሚጠብቁለት ሁለት ዘቦች አሉ። አንደኛው በአንጎል ግርጌ ያለው፣ ሳናዘው የሚሠራው የትንፋሽ አዛዥ ነው፤ ሁለተኛው ንቃቱ ራሱ ነው። እንቅልፍ ሲመጣ ሁለተኛው ዘብ ቦታውን ይለቃል። የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ፤ ምላስ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ለስላሳው ላንቃ ይወርዳል። በጤነኛ ሰው ላይ እንኳ ትንፋሽ ጥቂት ይቀንሳል። መንገዱ ጠባብ በሆነበት ሰው ግን አየሩ በጠበበው በር ሲያልፍ ሥጋውን ያርገበግበዋል፤ ማንኮራፋት የምንለው ይህ ነው። በሩ ጨርሶ ሲዘጋ ድምፁም ይቋረጣል። ደረትና ሆድ ይታገላሉ፤ አየር ግን አያልፍም። በመጨረሻ አንጎል ደንግጦ ሰውየውን ከእንቅልፉ ገፋ ያደርገዋል፤ እንደ መታነቅ ያለ ድምፅ አሰምቶ ይተነፍሳል፤ መልሶም ያሸልባል። ጧት ሲጠየቅ ምንም አያስታውስም።

ይህ መቋረጥ 10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲቆይ ሐኪሞች ይቈጥሩታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ትንፋሹ አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚቋረጥ ወይም እጅግ የሚያንስ ሰው ሕመሙ አለበት ይባላል፤ ከ15 ሲያልፍ መካከለኛ፣ ከ30 ሲያልፍ ብርቱ ነው። ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ያንኮራፉ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በእንቅልፍ ጊዜ ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ እንደሚቋረጥ በመሣሪያ ተለክቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 በፈረንሳይና በጀርመን አገር ነው። ሌላም ዐይነት አለ፤ በዚህኛው ጉሮሮው ክፍት ሳለ የትንፋሹ አዛዥ ራሱ ትእዛዝ መስጠቱን ያቋርጣል፤ ደረቱም ያለ ምንም ትግል ጸጥ ይላል። ልቡ የደከመ፣ አንጎሉ ስትሮክ በሚባለው ምት የተጎዳ፣ ወይም ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የወሰደ ሰው በዚህ ሊያዝ ይችላል። ይህኛው ድምፅ የለውምና ለአስታማሚ አሳሳች ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በጤናችን ጊዜ የሚያጋጥም ከሆነ፣ ለቀናት በመሣሪያ ሲተነፍስ ለሰነበተ ሰው እንዴት እንደሚብስ መገመት አያስቸግርም። ቧንቧው በጉሮሮው ውስጥ በመሰንበቱ ውስጡ ያብጣል፤ የጠበበው መንገድ የባሰ ይጠባል። መሣሪያው ሲሠራላት የሰነበተችው በደረትና በሆድ መካከል ያለችው ታላቋ የመተንፈሻ ጡንቻ ሥራ ፈትታ ትመነምናለች። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ መድኃኒቱ አለ። ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ትራማዶል፣ ዲያዜፓም የመሳሰሉት ሕመምንና ጭንቀትን ያስታግሳሉ፤ ነገር ግን የትንፋሹን አዛዥ ያደነዝዛሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ጉሮሮን ያላላሉ። በዚህ የተነሣ «መድኃኒቱ ይቅርበት» የሚሉ ዘመዶች አሉ፤ ይህም ትክክል አይደለም። ቁስሉ የሚያመው ሰው ሕመሙን ፈርቶ በረዥሙ አይተነፍስም፤ አያስልም፤ አክታውም በሳንባው ይቀራል። የሚገባው መድኃኒቱን መከልከል ሳይሆን፣ ለሚያንኮራፋ ሰው መጠኑና ዐይነቱ እንዲታሰብ ሐኪሙን አስቀድሞ ማስታወቅ ነው።

የእንቅልፍ ዕዳ የሚባልም ነገር አለ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው ሁልጊዜ የተኛ ይመስላል፤ እውነቱን ስንመረምረው ግን እንቅልፉ የተቈራረሰ ነው። ግማሹን ያህል የሚተኛው በቀን ነው፤ ከባዱንና የሚያሳርፈውን እንቅልፍ እምብዛም አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት 20 ጤነኛ ወንዶችን አንድ ሌሊት ብቻ ያለ እንቅልፍ አሳድሮ፣ በማግስቱ አየር ለመሳብ በሚያስቸግር መሣሪያ እንዲተነፍሱ አድርጎ ነበር። በደኅና ከተኙበት ሌሊት በኋላ ሊታገሡ ከቻሉት ጊዜ ግማሹን ብቻ ታገሡ። ጤነኛ ጎልማሳ በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ከደከመ፣ ሁለት ሳምንት በተቈራረሰ እንቅልፍ የሰነበተ ሕመምተኛ ምን ኀይል ይኖረዋል? ደግሞም ዕዳው ሲከፈል ሌላ ችግር ይመጣል። ሕልም የምናይበት የእንቅልፍ ክፍል፣ ጡንቻዎች ሁሉ እጅግ የሚላሉበት ክፍል ነው። ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ በመጀመሪያው ሌሊት ይህ ክፍል ይጠፋና በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሌሊት በርትቶ ይመለሳል። «የመጀመሪያው ሌሊት በደኅና አልፏል» ብሎ ጠባቂውን ማንሣት የማይገባው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ኢብሰን ነገር እንመለስ። ቧንቧው የወጣለት ሰው በአፍንጫው ኦክስጅን ይሰጠዋል፤ በጣቱም ላይ በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትለካ መሣሪያ ትሰካለታለች። ቤተ ሰቡም ዐይኑን ከዚያች ቍጥር አይነቅልም፤ 95 ስትል ይደሰታል። ነገር ግን ቍጥሯ የምትናገረው ስለሚገባው ኦክስጅን ብቻ ነው፤ ሊወጣ ሲገባው ስለቀረው የተቃጠለ አየር አንዳች አትናገርም። ኦክስጅን በብዛት የሚሰጠው ሰው ትንፋሹ እያነሰ ሄዶ እንኳ ቍጥሯ ሳትወርድ ልትቆይ ትችላለች፤ በውስጡ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየተከማቸ ራሱን ያስተዋል። ነርሷ ቍጥሯን ካየች በኋላ ሕመምተኛውን በስሙ የምትጠራው፣ ደረቱንም ቆማ የምትመለከተው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ኦክስጅኑ ሲነሣ የእኛ ከተሞች ከፍታ ይታሰብ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ትንፋሹ ሌሊት የሚቋረጥ ሰው ኦክስጅኑ ቆላ ካለ ሰው ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ የምንናገረው በተለይ ለባለ ትዳሮች ነው። ባል ወይም ሚስት ሌሊት ማንኮራፋታቸው በየቤቱ ወይ የሳቅ ምክንያት ነው ወይም ገመና ነው። የመኝታ ነገር ስለ ሆነ በውጭ ሰው ፊት አይነሣም። ሐኪም ሕመምተኛውን ሲጠይቅ እርሱ ተኝቶ የሆነውን ሊያውቅ አይችልም፤ ቧንቧ በጉሮሮው ካለማ መናገርም አይችልም። የምታውቀው ሃያና ሠላሳ ዓመት በአጠገቡ የተኛችው ናት። እርስዋም ዝም ትላለች፤ ወይ ታፍራለች፣ ወይ «ይህ ደግሞ ምን ይጠቅማል» ትላለች። ወይዘሮዎች ሲታመሙማ ነገሩ የባሰ ነው፤ ሴት ታንኮራፋለች ማለት እንደ ስድብ ስለሚቈጠር ባልም ልጆችም ይደብቁላታል። ዕድሜዋ ከማረጥ ያለፈ ሴት ግን ይህ ሕመም እንደ ወንዱ ሁሉ ያገኛታል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ፍራንሲስ ቹንግ የተባሉት የማደንዘዣ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ይህን ሕመም በቀላሉ ለመጠርጠር የሚያስችሉ ስምንት ጥያቄዎችን አዘጋጁ፤ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራባቸዋል። ሰውየው በተዘጋ በር ውስጥ እንኳ እስኪሰማ ድረስ ያንኮራፋልን? ቀን ቀን ይደክመዋልን፣ ያንቀላፋልን? ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ሲቋረጥ ያየው ሰው አለን? የደም ግፊት አለበትን? እጅግ ወፍራም ነውን? ዕድሜው ከ50 አልፏልን? የአንገቱ ዙሪያ ከ40 ሳንቲ ሜትር ይበልጣልን? ወንድ ነውን? ከእነዚህ ሦስቱ «አዎን» ከተባሉ ነገሩ ያጠራጥራል፤ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ብርቱ ጥርጣሬ ነው። ከስምንቱ ሦስተኛውን ሊመልስ የሚችለው የቤት ሰው ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። እንግዲህ ይህን ለሐኪሙ መንገር ገመና ማውጣት ሳይሆን እንደ መድኃኒት ያለ እርዳታ ነው። መነገር ያለበትም ቧንቧው ከወጣ በኋላ ሳይሆን ከመውጣቱ በፊት ነው፤ የሚቻል ከሆነም ገና ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ።

ሕመምተኛው ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጥቶ ወደ ተራው መኝታ ክፍል ሲዛወር ቤተ ሰቡ እንደ ታላቅ ዕርምጃ ይቈጥረዋል፤ ዕርምጃም ነው። ነገር ግን በዚያ ክፍል አንዲት ነርስ ብዙ ሕሙማንን ትጠብቃለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹን የሚቈጥር መሣሪያም ላይኖር ይችላል። በአጠገቡ የሚያድረው አስታማሚ ነው፤ ወንድም፣ ልጅ፣ የእኅት ልጅ። እርሱም ቀን ሲሮጥ ውሎ ደክሞታልና ሕመምተኛው ማንኮራፋት ሲጀምር «አሁን ደኅና እንቅልፍ ወሰደው» ብሎ ነጠላውን ተከናንቦ ይተኛል። ከዚህ የከፋ አሳሳች ነገር የለም። እንኳንስ የታመመ ሰው፣ ጤነኛም ቢሆን የሚያንኮራፋው አየሩ ስለ ጠበበው እንጂ እንቅልፉ ስለ ጣፈጠው አይደለም። ይልቁንስ አስታማሚዎች ሌሊቱን በሁለትና በሦስት ተከፍለው ቢጠብቁ መልካም ነው፤ አንድ ሰው ሦስት ሌሊት ተከታትሎ መንቃት አይችልም።

አስታማሚው የሚያየው ምን ምን ነው? ብርድ ልብሱን እስከ ደረት ገለጥ አድርጎ የደረቱንና የሆዱን መነሣት ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቍጠር፤ ግማሽ ደቂቃ ቈጥሮ በሁለት ማብዛት መቋረጡን ይደብቃልና። ዐዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ከ10 ካነሰ ነርሷ ትጠራ። ማንኮራፋቱ በድንገት ቀጥ ብሎ ደረትና ሆድ እንደ ሚዛን አንዱ ሲነሣ ሌላው ሲወርድ ከታየ በሩ ተዘግቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሕመምተኛውን በስሙ ጠርቶ ትከሻውን ነቅነቅ ማድረግ፣ ራስጌውን ከፍ ማድረግ፣ ሐኪሙ ካልከለከለም በጎኑ ማስተኛት ያስፈልጋል። ተጠርቶ የማይነቃ፣ ከንፈሩ የጠቈረ፣ ወይም አየር ሲስብ እንደ ፉጨት ያለ ቀጭን ድምፅ የሚያሰማ ሕመምተኛ ካለ ግን አንዲት ደቂቃም ሳይጠበቅ ወደ ነርሷ መሮጥ ነው። ይህ የፉጨት ድምፅ የጉሮሮ እብጠት ምልክት ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይምጣ፣ ለነገ አይባልም።

ጧት ራሱን የሚያመው፣ የሚያንቀላፋ፣ ወይም የማይያያዝ ነገር የሚናገር ሕመምተኛም አለ። ቤተ ሰቡ ብዙ ጊዜ በዚህ ይደነግጣል፤ «የሌለ ሰው ያያል፣ ከግድግዳው ጋር ይነጋገራል፣ ክፉ መንፈስ ነው» ይባላል። ጸሎት በማንኛውም ጊዜ የሚገባ ነው፤ ካህን መጥራትም እንዲሁ። ነገር ግን ይህ ሁኔታ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል በሚወጡ ሰዎች ላይ እጅግ የተለመደ ሕመም ነው፤ የእንቅልፍ ማጣት፣ የመድኃኒት፣ አንዳንዴም የተከማቸው የተቃጠለ አየር ውጤት ነው። ስለዚህ ለሐኪሙ በዚያው ሰዓት ይነገር፤ ጸሎቱና ሕክምናው አይጣሉም።

ስለ ጠበል አንድ ቃል ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ቧንቧ በጉሮሮው የሰነበተ ሰው መዋጥ ይሳነዋል፤ የሚጠጣው ውኃ ወደ ሆዱ በመሄድ ፈንታ ወደ ሳንባው ሊገባና የሳንባ ምች ሊያመጣበት ይችላል፤ ይህም ሳያስለው፣ ማንም ሳያውቅ ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ በከበደው ሰው አፍ ጠብታም ቢሆን ማድረግ አደገኛ ነው። ስለዚህ ነርሷ «አሁን መዋጥ ይችላል» እስክትል ድረስ ጠበሉን አለማስጠጣት፣ በግንባሩ ማስነካት ወይም በጥቂቱ መርጨት ይበቃል፤ በረከቱም አይጎድልም። ስለ ቅዱስ ቁርባንም የንስሐ አባቱ ይህንኑ አስቀድመው ከሐኪሙ ሊጠይቁ ይገባል። ኦክስጅን በሚሰጥበት ክፍል ደግሞ ጧፍ ማብራትና ዕጣን ማጠን ፈጽሞ አይገባም፤ ኦክስጅን ባለበት ትንሽ እሳት ታላቅ ቃጠሎ ይሆናልና።

ሕመምተኛው ሌሊት የሚያርፍ ከሆነ ደግሞ ጸጥታ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በሆስፒታል መኝታ ክፍል የሌሊቱ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል፤ ይህም ሹክሹክታ ያህል ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተለካው ግን ከ50 ያልፋል። የመሣሪያውን ጩኸት እኛ ልንከለክለው አንችልም፤ የእኛን ግን እንችላለን። ቀን ዐሥር ሰው በተራ እየገባ «አወቅኸኝ?» ብሎ የሚቀሰቅሰው ሕመምተኛ መቼ ይተኛ? ጥየቃ ደግ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በአልጋው ዙሪያ ተቀምጦ ስለ ቤት ኪራይ መነጋገር ጥየቃ አይባልም። ዳዊት የሚደግም ሰው በልቡ ወይም በለሆሳስ ይድገም። ቀን መጋረጃው ይከፈት፤ ሌሊት ብርሃኑ ይቀነስ፤ የዐይን መሸፈኛና የጆሮ መድፈኛ ይሰጠው ዘንድ ነርሷ ብትጠየቅ መልካም ነው።

ሐኪሞችም ለዚህ ችግር መሣሪያ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 በአውስትራሊያ የሲድኒው ሐኪም ኮሊን ሳሊቫንና ባልደረቦቻቸው፣ አየርን በአፍንጫ በኩል በመጠነኛ ግፊት እየላኩ የተዘጋውን ጉሮሮ ክፍት አድርጎ ማሳደር እንደሚቻል በአምስት ሕሙማን ላይ አሳዩ። ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ የመጣው ከዚህ ነው። ሌላም አለ፤ ይህኛው ሰውየው አየር ሲስብ ግፊቱን ከፍ፣ ሲያወጣ ዝቅ እያደረገ፣ ያለ ቧንቧ በጭምብል ብቻ የደከመውን ጡንቻ ያግዛል፤ የተቃጠለውንም አየር ያስወጣል። በፈረንሳይ በ30 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው የገፋ ወይም ልባቸውና ሳንባቸው አስቀድሞ የታመመ ሰዎች ቧንቧው እንደ ወጣላቸው ወዲያውኑ ይህ ጭምብል ተደረገላቸው፤ በዕረፍቱ መካከልም በአፍንጫ በብዛት የሚፈስ ኦክስጅን ይሰጣቸው ነበር። በሰባት ቀን ውስጥ እንደ ገና ቧንቧ ያስፈለጋቸው ከመቶው 11.8 ሲሆኑ፣ የአፍንጫውን ኦክስጅን ብቻ ካገኙት ግን 18.2 ነበሩ። ጭምብሉ ፊትን ይጫናል፤ ያፍናል፤ ብዙ ሕሙማን በመጀመሪያው ሰዓት ነቅለው ይጥሉታል። «ከጠላው ይቅርበት» ማለት ግን አይገባም። እጁን ይዞ፣ ቀስ ብሎ እያነጋገረ የሚያላምደው ዘመድ በዚያች ሰዓት ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል። ቢያስመልሰው ግን ጭምብሉ በፍጥነት ይነሣለት፤ ነርሷም ትጠራ።

ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ ነገሩ አላለቀም። «እንቅልፍ እንዲወስደው» ተብሎ ጥቂት አረቄ የሚሰጥበት ቤት አለ፤ ከመድኃኒት ቤት የእንቅልፍ ክኒን የሚገዛበትም አለ። ሁለቱም ጉሮሮን ያላላሉ፤ ከሐኪም ፈቃድ ውጭ አይገባም። የከሰል ጢስ ባለበት፣ ቡና በሚቈላበት ክፍል አይተኛ። እንጥል ማስቈረጥ መድኃኒት መስሎ የሚታያቸውም አሉ፤ ደም ከማፍሰስና ከማመርቀዝ በቀር ያንን የተዘጋ በር አይከፍተውም። በራስጌው በኩል ፍራሹን ከፍ አድርጎ በጎን መተኛት ይጠቅማል። የእንቅልፍ ምርመራ የሚታዘዝለት ከሆነ እብጠቱ ከጎደለ፣ ብርቱዎቹም መድኃኒቶች ከቆሙ በኋላ፣ ከጥቂት ሳምንታት ቈይታ ቢደረግለት ውጤቱ እውነተኛ ይሆናል። ሾፌር የሆነ ሰው ግን ምርመራው እስኪያልቅ መሪ ከመያዙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሌሊት ትንፋሹ ሲቋረጥ ያደረ ሰው ቀን በመሪ ላይ ያንቀላፋልና።

ሲፓፕ የታዘዘለት ሰው ጭምብሉን በየቀኑ በሳሙናና በውኃ አጥቦ በጥላ ያድርቀው፤ የአየር ማጣሪያውንም በጊዜው ይለውጠው። መብራት በጠፋበት ሌሊት መሣሪያው ስለሚቆም ጭምብሉን አውልቆ በጎኑ ይተኛ። ሌላ ቀን ለቀዶ ሕክምናም ሆነ ለሌላ ሕመም ሆስፒታል የሚገባ ከሆነ መሣሪያውን ከነጭምብሉ ይዞ ይግባ፤ ለማደንዘዣ ሐኪሙም ገና በመጀመሪያው ቀን ያሳየው።